ከቃኘው እስከ ዶራሌ

በ1943 ጥቂት የአሜሪካ የመገናኛ ወታደሮች አስመራ ገቡ። የመጡት ጣሊያኖች «ራዲዮ ማሪና» እያሉ ይጠሩት የነበረውን የባሕር ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ ሊረከቡ ነበር። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አንባቢ በእኛው አቆጣጠር የለመዳቸው ቀኖች ሲደርሱ ግን በእኛው እናገራለሁ።) አስመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት። ለሬዲዮ ባለሙያ ይህ ሀብት ነው። ሌላ ቦታ ወቅት በተለዋወጠ ቁጥር የሚረበሸው ሞገድ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይናወጥም፤ ከሩቅ አህጉር የተላከ መልእክትም ጥርት ብሎ ይያዛል። ያኔ የሚደመጡት ጀርመንና ጃፓን ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጣቢያው አልተዘጋም፤ ጆሮውን ወደ ሞስኮ አዞረ።

ስለ «አዲሱ ቀዝቃዛ ጦርነት» ዛሬ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከዋሽንግተን፣ ከሞስኮ ወይም ከቤጂንግ መስኮት ታይቶ የተጻፈ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ሆኖ ለሚመለከት ግን ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ኃያላኑ የተሻሙት በመጀመሪያ ደረጃ ቦታን ነው፤ ርዕዮተ ዓለሙ የተከተለው ከኋላ ነው። ቦታውን የሰጡት፣ የነጠቁትና ለሌላው ያሳለፉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ራሳችን ገዢዎች ናቸው። «የኃያላን መጫወቻ ሆነን ቀረን» የሚለው የተለመደ ቁጭት ግማሹን ብቻ ይናገራል።

ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ የቦታውን ዋጋ ቀድመው ያወቁ ሰው ነበሩ። በታኅሣሥ 1950 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቆራኝ ሲወስን አሜሪካ ከውሳኔው ጀርባ ቆማ ነበር። በ1951 የኢትዮጵያ ወታደሮች ኮሪያ ዘመቱ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጡ። ሻለቃው የተሰየመበት «ቃኘው» የንጉሡ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የአስመራው ጣቢያም ያንኑ ስም ያዘ። ግንቦት 22 ቀን 1953 በተፈረመው ስምምነት አሜሪካ ቦታውን ለ25 ዓመት ልትጠቀምበት፣ በምላሹ የኢትዮጵያን ጦር ልታሠለጥንና ልታስታጥቅ ቃል ገባች።

ቃኘው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማ ውስጥ ያለ ከተማ ሆነ። በደራበት ዘመን ከነቤተሰቦቻቸው በሺህ የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ይኖሩበት ነበር፤ ትምህርት ቤት፣ ሲኒማ፣ የራሳቸው የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበራቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተተከሉት ታላላቅ የአንቴና ሳህኖች የአንዱ ዲያሜትር 46 ሜትር ገደማ ነበር፤ ሥራውም የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮች የሚልኩትን ድምፅ መጥለፍ ነው። በዚያን ዘመን ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ ከወጣው የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ ከግማሽ በላዩ የደረሰው ኢትዮጵያ ነበር። አንድ ንጉሥ አንድ ጉብታ አከራይቶ በአካባቢው ትልቁን ጦር ገነባ ማለት ይቻላል።

ኪራዩ ግን ጎረቤትን አስደነገጠ። ሶማሊያ በ1960 ነጻ ስትወጣ በባንዲራዋ ላይ ያኖረችው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሁለቱን የተዋሐዱ ግዛቶች ብቻ የሚያመለክት አልነበረም፤ ኦጋዴንን፣ ጅቡቲንና የሰሜን ኬንያን ሶማሌዎችም ይቆጥራል። ይህን ሕልም የሚሸከም ጦር ሞቃዲሾ አልነበራትም። መጀመሪያ የጠየቀችው ምዕራባውያንን ነው፤ እነሱም በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከ5 እስከ 6 ሺህ ሰው የሚሆን ጦር ሊያስታጥቁላት ተስማሙ። በ1963 ሞስኮ ከዚያ ሦስት እጥፍ ገደማ አቀረበች። ሶማሊያ ወደ ምሥራቁ ያዘነበለችው የማርክስን መጽሐፍ አንብባ አልነበረም፤ ሶሻሊዝም በይፋ የታወጀው ዚያድ ባሬ በጥቅምት 1969 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ነው። በ1964 መጀመሪያ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በድንበር ሲዋጉ ግን የአንዱ ጠመንጃ ከአሜሪካ፣ የሌላው ከሶቪየት መሆን ጀምሯል።

ሶቪየቶችም የፈለጉት ቦታ ነበር። ከ1972 ጀምሮ በበርበራ ወደብ ገነቡ፣ ከ4 ሺህ ሜትር የሚረዝም የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ዘረጉ፣ ለባሕር ኃይላቸው የሚሳኤል ማከማቻ ሠሩ። በሰኔ 1975 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ጄምስ ሽሌሲንገር ከሰማይ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው ሴኔቱ ፊት ቀረቡ። ሞቃዲሾ ካደች፤ «ኑና እዩ» ብላም እንግዶች ጋበዘች። ሄደው ያዩትም ሽሌሲንገር ያሉትን አረጋግጠው ተመለሱ። እዚህ ላይ የሚኒስትሩን ጉዳይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፔንታገን በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ የጀመረውን ጦር ሰፈር ለማስፋት ገንዘብ እየጠየቀ፣ ምክር ቤቱ እያንገራገረ ነበር። የዚያች ደሴት ነዋሪዎች ከ1973 በፊት ተጠራርገው ወጥተዋል። የበርበራ ፎቶ ሲታይ የገንዘቡ መንገድ ተከፈተ። አንዱ ኃያል የሌላውን ሰፈር ለራሱ ሰፈር ማስፈቀጃ ሲያደርገው ያኔ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነ።

ዲዬጎ ጋርሺያና ሳተላይቱ ሲመጡ ቃኘው ረከሰ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1973 ዋሽንግተን ሄደው ኒክሰንን የጦር መሣሪያ ሲጠይቁ የሚያከራዩት ጉብታ የቀድሞው ዋጋ አልነበረውም። ከዓመት በኋላ እሳቸውም ከዙፋናቸው ወረዱ።

ከዚህ በኋላ ያሉት አሥራ ስድስት ወራት፣ ከታኅሣሥ 1976 እስከ መጋቢት 1978፣ በዝግታ ሊነገሩ ይገባል። ንጉሡን ያወረደው ደርግ ከሞስኮ ጋር 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የጦር መሣሪያ ውል በምስጢር ሲፈርም የአሜሪካ መሣሪያም ገና አልቆመም ነበር። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ሌሎች የደርግ አባላትን አስገድለው ብቻቸውን ወጡ። በየካቲት 1977 ማብቂያ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር አዲስ ይዘውት በመጡት የሰብአዊ መብት መርሕ መሠረት ለኢትዮጵያ፣ ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ የሚሰጠው ዕርዳታ እንደሚቀንስ ተነገረ። ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ መልሱን ሰጠ፤ ቃኘው፣ የወታደራዊ አማካሪዎቹ ቡድን፣ የባሕር ኃይሉ የሕክምና ምርምር ማዕከል፣ የማስታወቂያው ቢሮና የአስመራው ቆንስላ በቀናት ውስጥ እንዲዘጉ አዘዘ። የ25 ዓመቱ ውል ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። በግንቦት መንግሥቱ ሞስኮ ገቡ።

ሶቪየቶች አሁን ሁለቱንም ባላንጣዎች ያዙ። በመጋቢት ፊደል ካስትሮ መንግሥቱንና ዚያድ ባሬን ኤደን ላይ አገናኝቶ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ደቡብ የመንን በአንድ የሶሻሊስት ፌዴሬሽን ሊያስተሳስር ሞክሯል። ሐሳቡ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ዚያድ ግን የፈለጉት ኦጋዴንን ነው፤ ፌዴሬሽኑ ያንን አይሰጣቸውም። ዋሽንግተን መሣሪያ ልትሰጣቸው በመርሕ ደረጃ ፈቃደኛ መሆኗንም ሰሙ፤ ነገሩን እንደ ይለፍ ቆጠሩት። በሐምሌ 1977 ጦራቸው ድንበር ተሻገረ። አሜሪካ ወዲያው ቃሏን አጠፈች። በመስከረም ጅጅጋ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ የተፈጠረውን ሰልፍ ማንም የቀዝቃዛው ጦርነት ባለሙያ አስቀድሞ በወረቀት ላይ አይስለውም ነበር። በኦጋዴን ሰማይ ላይ አሜሪካ ያሠለጠነቻቸው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች በአሜሪካ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች የሶቪየት ሚግ-21ዎችን እየጣሉ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ መንግሥታቸው ኢምፔሪያሊዝምን ያወግዛል። የአሜሪካ ወዳጅ የሆነችው እስራኤል ለእነዚያ አውሮፕላኖች መለዋወጫ ታቀብል ነበር፤ በየካቲት 1978 ሞሼ ዳያን ይህን በአደባባይ ሲናገሩ ደርግ እስራኤላውያኑን አስወጣ። ኩባዎቹና ደቡብ የመኖቹ ከዚሁ ወገን ተሰለፉ። ቻይና፣ ሶሻሊስት ሆና ሳለ፣ ልቧ ከሶማሊያ ጋር ነበር።

ኅዳር 13 ቀን 1977 ዚያድ ከሞስኮ ጋር የነበራቸውን የወዳጅነት ውል ቀደዱ፤ ሶቪየቶቹን ከበርበራና ከሞቃዲሾ አባረሩ። በዚያው ወር መጨረሻ ሞስኮ ግዙፍ የአየር ድልድይ ዘረጋች። አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚገመት መሣሪያ መጣ፣ ከ12 ሺህ በላይ ኩባውያን ተሰለፉ፣ ሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭም ዘመቻውን ለመምራት ኢትዮጵያ ገቡ። ትናንት የሶማሊያን መኮንኖች ያስተማረ ኃይል ዛሬ እነዚያን መኮንኖች እንዴት መምታት እንደሚቻል እያመላከተ ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ገበሬ ሚሊሻም ወደ ምሥራቅ ጎረፈ። ከሶማሊያ ጦር ጀርባ በሄሊኮፕተር ጦር ተጥሎ ካራማራ ተሰበረ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። ድሉ እውነተኛ ነበር፤ የተከፈለበት ደምም እንደዚያው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት የኩባውያኑንም ገጾች ይዟል።

ዋሽንግተን ይህን ሁሉ ያነበበችው የሞስኮ ታላቅ ዕቅድ አድርጋ ነው። የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ብሬዚንስኪ የጦር መርከብ ወደ አካባቢው እንዲላክ ወተወቱ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይረስ ቫንስ ተቃወሙ። ብሬዚንስኪ በኋላ ዘመን ሲናገሩ የኒውክሌር መሣሪያ ቅነሳው ድርድር የተቀበረው ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ነው እስከማለት ደርሰዋል። የነገሩን ቅደም ተከተል ላየ ግን ዕቅድ የሚባል ነገር አይታይም። ሞስኮ ሁለቱንም ወዳጆች ለማቆየት ታግላ አልቻለችም፤ ዋሽንግተን አንዱን ለመቅጣት ብላ ሌላውን ሳታስበው አደፋፈረች። ጦርነቱን የጀመሩት ዚያድ ናቸው፣ ወገን የቀየሩት መንግሥቱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ኃያላን አንዱ የሌላውን ክፋት ማስረጃ አደረጉት፤ በመካከላቸው የነበረው መለሳለስም እዚሁ ጀምሮ ተሸረሸረ። ዛሬም በየዋና ከተማው የሚሠሩ ስልት ነዳፊዎች የአንድን ደካማ መንግሥት ተንኮል የባላንጣቸው ዕቅድ አድርገው ሲያነቡ ባየሁ ቁጥር ያቺ ዓመት ትዝ ትለኛለች።

ቀጥሎ የመጣው ቦታ መለዋወጥ ነው። በኅዳር 1978 መንግሥቱ ከሞስኮ ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ፈረሙ፤ የሶቪየት መርከቦችም ከበርበራ የወጣውን ዕቃቸውን ዳህላክ ደሴቶች ውስጥ ኖኩራ ላይ አራገፉ። ኖኩራ በጣሊያን ዘመን እስር ቤት ነበረች። የባሕር ቃኚ አውሮፕላኖቻቸው አስመራ አረፉ፤ በግንቦት 1984 ለኤርትራ ነጻነት የሚዋጉት የሻዕቢያ ኮማንዶዎች አየር ማረፊያው ድረስ ገብተው አቃጠሉባቸው። በነሐሴ 1980 ደግሞ ሶማሊያ በርበራን ለአሜሪካ ከፈተች፤ ሽሌሲንገር በፎቶ ያስፈራሩበት ያ የሶቪየት ማኮብኮቢያ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ማረፊያ ሆነ። ኮንክሪቱ ያው ነበር።

መሣሪያው ያለ ልክ መጣ፤ ዳቦ ግን የለም። በ1984ቱ ረሃብ ሰዉ ሲያልቅ አሜሪካ እህል፣ ሶቪየት አውሮፕላንና መኪና ላኩ፤ ከፊሉም ለሠፈራው ፕሮግራም ዋለ። በመጋቢት 1988 አፍአበት ላይ የኢትዮጵያ ጦር ናደው ዕዝ ሲደመሰስ ሻዕቢያ ከማረካቸው መካከል የሶቪየት መኮንኖች ነበሩበት። በሚቀጥለው ወር መንግሥቱና ዚያድ፣ ሁለቱም በየቤታቸው ተወጥረው፣ ታረቁ። በዚያ ዕርቅ ከተለቀቁት ምርኮኞች አንዱ ከ1977 ጀምሮ ሶማሊያ ታስሮ የኖረው አብራሪ ለገሠ ተፈራ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ። ዚያድ ግን ከድንበር የተላቀቀውን ጦር ወደ ሰሜን አዙረው ሐርጌሳን በገዛ አውሮፕላኖቻቸው ደበደቡ።

ጎርባቾቭ እጃቸውን ሲሰበስቡ መንግሥቱ አዲስ ደንበኛ ፍለጋ ወጡ። በኅዳር 1989 ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት አደሱ፤ ቤተ እስራኤሎችም የድርድሩ መካከል ገቡ። በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተጓዙት መንግሥቱ ከኮበለሉ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በጥር ወር ሞቃዲሾ ስትፈርስ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ሰዎችን ከኤምባሲያቸው ቅጥር ግቢ አነሡ፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል የሶቪየት ኅብረት አምባሳደርና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ሃያ ዓመት በዚያች ከተማ ሲገፋፉ የኖሩት ሁለቱ ኤምባሲዎች አብረው ወጡ። ለሞቃዲሾ ነዋሪ የቀረለት ጠመንጃው ነው።

ለአሥር ዓመት ያህል ማንም ይህን ባሕር ዳርቻ አልፈለገውም። አሜሪካ በታኅሣሥ 1992 ሶማሊያ ገብታ፣ በጥቅምት 1993 አሥራ ስምንት ወታደሮቿን በአንድ ውጊያ አጥታ፣ በቀጣዩ ዓመት ወጣች። ከመስከረም 2001 በኋላ ግን ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ጅቡቲ፣ የፈረንሳይ ወታደሮች ይኖሩበት በነበረው ካምፕ ሌሞኒዬ። የሶማሊያ ባሕር ወንበዴዎች መርከብ ማገት ሲጀምሩ ደግሞ ሁሉም ምክንያት አገኘ። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያዋን የውጭ ጦር ሰፈር በ2011 ጅቡቲ ከፈተች። ጣሊያንም መጣች። ነሐሴ 1 ቀን 2017፣ የቻይና ሕዝባዊ ነጻ አውጪ ጦር በተመሠረተበት 90ኛ ዓመት፣ ቤጂንግ የመጀመሪያዋን የባሕር ማዶ ጦር ሰፈር እዚያው ጅቡቲ፣ ዶራሌ ላይ መረቀች። እሷ «የሎጂስቲክስ ድጋፍ ሰፈር» ትለዋለች። ከሌሞኒዬ ያለው ርቀት በመኪና ደቂቃዎች ነው።

የጅቡቲው ፕሬዚዳንት እስማኤል ዑመር ጊሌህ ኃይለ ሥላሴም፣ ዚያድም ሆኑ መንግሥቱ ያልቻሉትን ቻሉ፤ አንዱን ሳያስወጡ ሌላውን አስገቡ። በ2014 ለአሜሪካ ያደሱት የ20 ዓመት ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያስገባል፤ የቻይናው 20 ሚሊዮን ገደማ ነው ይባላል። ይህ ዘመን ከቀደመው የሚለየው አንደኛው ነገር ይህ ነው። ያኔ ባንዲራ መቀየር ግድ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱ ባንዲራዎች በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይውለበለባሉ፣ ንትርኩም የጎረቤት ንትርክ ይሆናል። በ2018 አሜሪካ ከቻይናው ሰፈር በሌዘር ጨረር አብራሪዎቼ ዓይናቸው ተጎዳ ብላ ከሰሰች፤ ቤጂንግ ካደች። ጊሌህ ሁለቱንም ኪራይ መቀበላቸውን ቀጠሉ።

ብልጠቱን ማድነቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ኪራዩ የማን ኪስ ገባ የሚለው ጥያቄ ጅቡቲ ውስጥ በነጻነት የሚነሣ አይደለም፤ ከሁለቱ ተከራዮችም ያነሣው የለም። ዕዳውም አለ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው 750 ኪሎ ሜትር የሚሆን ባቡር በአብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሠራ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 የመክፈያውን ጊዜ ከአሥር ወደ ሠላሳ ዓመት አስረዝማለች። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በተጨናነቀው የጅቡቲ ወደብ ያልፋል፤ ስለዚህ የዶራሌ ጉዳይ ለአዲስ አበባ የጓሮ ወሬ አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት መካከለኞቹ ኃይሎች ናቸው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2015 ለየመን ጦርነት አሰብ ላይ ሰፈረች፤ ኩባንያዋ ዲፒ ወርልድ በ2016 የበርበራን ወደብ ወሰደ። ቱርክ በ2017 ሞቃዲሾ ላይ ትልቅ የማሠልጠኛ ሰፈር ከፈተች። የቀድሞው ካርታ ሁለት ቀለም ይበቃው ነበር፤ የአሁኑን በሁለት ቀለም ለመሳል የሚሞክር ሰው ግማሹን ባለጉዳይ ይስታል። «አዲስ ቀዝቃዛ ጦርነት» የሚለውን ሥዕል የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ሞስኮም ዘግይታ መጣች። በ2020 መጨረሻ ከሱዳን ጋር ፖርት ሱዳን ላይ እስከ 300 ሰውና አራት መርከብ የሚያስተናግድ ሰፈር ለ25 ዓመት የሚሰጥ ውል ይፋ አደረገች። ካርቱም ግን አንዴ አዎን፣ አንዴ ቆይ እያለች አዘገየችው፤ በሚያዝያ 2023 የራሷ ጦርነት ፈነዳ። ከዚያ በፊት መጋቢት 2 ቀን 2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሩሲያን የዩክሬን ወረራ ሲያወግዝ ከተቃወሙት አምስት አገሮች አንዷ ኤርትራ ነበረች። ሱዳን ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ደገፉ፣ ኢትዮጵያ ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች። በአንድ ባሕር ዳርቻ አራት ዓይነት መልስ። ስንዴ ከ90 በመቶ በላይ ከሩሲያና ከዩክሬን ትሸምት የነበረችው ሶማሊያ ግን ድምፅዋ ምንም ይሁን ምን ዋጋው አልቀረላትም፤ ድርቁም በዚያው ዓመት ነበር።

በጥር 2024 ኢትዮጵያ ቻይናና ሩሲያ ባሉበት ብሪክስ ውስጥ ገባች፤ በዚያው ቀን ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ በዓመቱ መጨረሻ አንካራ አስታረቀቻቸው። ከዚያ አስቀድሞም የአሜሪካ ጄኔራሎች ዓይን እንደገና በርበራ ላይ ዐርፎ ነበር፤ የአፍሪካ ዕዛቸው አዛዥ ስቴፈን ታውንሴንድ በግንቦት 2022 ራሳቸው ሄደው ጎብኝተውታል። በመጋቢት 2025 የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ ማሐሙድ ለዶናልድ ትራምፕ በጻፉት ደብዳቤ የባሊዶግሌና የበርበራ አየር ማረፊያዎችን፣ የበርበራና የቦሳሶ ወደቦችንም በብቸኝነት እንድትቆጣጠር ለአሜሪካ አቀረቡ። በርበራ ከ1991 ጀምሮ በሞቃዲሾ እጅ የለችም፤ የሶማሊላንድ መዲና ሐርጌሳም ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ቁልፉ የለውም ብላ ወዲያው አጣጣለችው፤ ቀጥላ ግን እሷም ለዋሽንግተን ያንኑ ወደብ በዕውቅና ልትለውጥ ዝግጁ መሆኗን ከመናገር አልቦዘነችም።